ሃያ ሁለት ሜትር ትርፍ

— ሄሎ! ... ሄሎ፣ ማነው? ... አንቺ ነሽ እንዴ ልጄ? ምነው ድምፅሽ እንዲህ ሆነ? ... ቆይ ቆይ፣ አልሰማሽም፣ እናትሽ ቴሌቪዥኑን አስጩሃዋለች... አንቺ! ቀንሺው እስቲ! ልጅሽ ከሐኪም ቤት ነው የምትደውለው... ኧረ አላመማትም! ለሥራ ሄዳ ነው። ምን ያስደነግጥሻል?

— እሺ ልጄ፣ ቀጥዪ። ... የስድስት ቁጥር ክፍል ደወል። በሽተኛው ሲጫነው ነርሷ ክፍል አይሰማም። እሱንማ ትናንት ነግረሽኛል። ... አንድ ቀዳዳ ብቻ? ... ግድግዳው ገና መቀባቱ ስለሆነ አንድ ቦታ ብቻ ቆፍሪ፣ ከሳትሽ ሌላ ባለሙያ እጠራለሁ አለሽ? ኃላፊው ራሱ? ... ለብቻሽ የወጣሽበት የመጀመሪያ ሥራ መሆኑን አውቆ ነው እንዲህ የሚንቅሽ። አይዞሽ። መስመሩን የዘረጋሁት እኔ፣ ስዕሉን የሳልኩት እኔ። ጠይቂኝ እንጂ።

— ... ስንት? ... ከነርሷ ክፍል ተነስቶ ሃምሳ አንድ ሜትር ላይ ተበጥሷል? ... ልጄ፣ ከነርሷ ክፍል እስከ ስድስት ቁጥር ጠቅላላ መንገዱ አርባ ሜትር ነው። ስዕሉ ላይ በእጄ ጽፌዋለሁ። ሃምሳ አንድ ከሄድሽ እኮ አጥሩን ዘለሽ አስፋልት ላይ ነሽ! ... ቴስተሩ ነው ያለው፣ ገመድ የሚለካው ማሽን። እሱማ ይላል። ባትሪ ያለው ነገር ሁሉ ያወራል።

— የገመዱን ዓይነት ለቴስተሩ ነግረሽዋል? ... መርጠሻል። ... ልኩን የምታውቂው ቁራጭ ላይስ ሞክረሽዋል? ... አሥር ሜትሩን አሥር አለ? ... እህ። ... አንዴ ነው የሞከርሽው? ... ሦስቴ። እሺ፣ ሦስቴ።

— እስቲ ከወዲያኛው ጫፍ ለኪው፣ ከአልጋው በኩል። ... ሂጂ፣ እጠብቃለሁ... ምንም አልሆነችም አልኩሽ እኮ! ያ መሣሪያ ግራ አጋብቷት ነው። ... እኔ? እኔ ምን ግራ ያጋባኛል? አልተጋባሁም! ... ሄሎ? ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ? ... አሥራ አንድ። ... እሱስ ይሁን። በስዕሉ መሠረት ከአልጋው አሥራ አንድ ሜትር ማለት የአራት ቁጥር ክፍል ግድግዳ ነው። ከነርሷ በኩል ግን አስፋልቱ ላይ ነው። የተበጠሰው አንድ ቦታ፣ ቆፍሩ የሚለን ሁለት ቦታ... ቆይ። ሃምሳ አንድና አሥራ አንድ... ስልሳ ሁለት። ... አዎ፣ እኔም ደምሬዋለሁ። አርባ ሜትር ዘርግቼ የተውኩት ገመድ ስልሳ ሁለት ሆኖ ይጠብቀኝ? ተክል ነው እንዴ፣ የሚያድገው?

— ... ትርፍ ጥቅልል? ኮርኒሱ ውስጥ? አልተውኩም! እኔ ሁለት ሜትር ነው የምተወው፣ አንቺንም ያስተማርኩሽ ሁለት ነው። ሃያ ሁለት የሚተው ሰው ገመድ ነጋዴ ነው። ... ወጥተሽ አይተሻል? ... ባዶ ነው። ባዶ ይሆናላ!

— አልተቆጣሁም። ... አልተቆጣሁም አልኩ! ... አራት ቁጥር ላይ ቆፍሪ ልልሽ አፌ ላይ ነበር... አይ፣ ተይው። መሮውን አስቀምጪው። ... እኔ እንጃ ልጄ። ስዕሉን እንዳልጠራጠር የራሴ እጅ ነው፤ ማሽኑን እንዳልጠራጠር ሦስቴ ሞክረሽዋል። ራሴ ዞረብኝ።

— ምን አልሽ? ... አንቺን አይደለም፣ እናትሽን ነው... የምን ጥቅልል? ... ከአልጋችን ሥር? ... እኔ? በምሳ ሰዓት? ... ልጄ፣ እናትሽ የምትለውን ስሚ። የሐኪም ቤቱን መስመር ስዘረጋ ምሳ ሰዓት ላይ እያለከለክሁ መጥቼ ከአልጋ ሥር አንድ ጥቅልል ገመድ ወስጃለሁ ትላለች። እግሯን የምታሳርፍበት ስለነበር ሳምንት አኩርፋኛለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው! ... እኔም እሱን ነው የምለው። መንገዱ አርባ ከሆነ ለምን ገመድ አነሰኝ? ይዤ የሄድኩት እኮ ሃምሳ...

— ... ሄሎ። አለሁ፣ አለሁ። ... ወይ ጉድ።

— ያኔ አራት ቁጥር ውስጥ አንዲት ሴት ነበረች። ድሪሉን ግድግዳው ላይ ልደግን ስል ነርሷ እየሮጠች መጥታ እጄን ያዘችኝ። «ሕፃኗን ከቀበረች ሦስት ቀኗ ነው፤ ዓይኗ ገና አሁን መከደኑ ነው» አለችኝ። ... እና እንዴት ልብሳው? አንጀቴ አልቻለም። ገመዱን በጓሮ አዙሬ፣ በዕቃ ቤቱ አሾልኬ አሳለፍኩት። ስዕሉ ቀድሞ ተፈርሞበት ነበር። ነገ አስተካክለዋለሁ አልኩ። ነገ ነገ ስል አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ... አንቺ ደግሞ ምን ታፈጪብኛለሽ? አልነገርኩሽም። ለማንም አልነገርኩም።

— ይልቅ ልጄ፣ ወደ ዕቃ ቤቱ ሂጂ። አሥራ አንድ ሜትሩ እዚያ ነው የሚያርፈው፣ መስኮቱ አጠገብ። ... ደረስሽ? ግድግዳው ላይ ምን አለ? ... መደርደሪያ። መቼ የተመታ ነው? ጠይቂያቸው። ... ቅዳሜ። ደወሉስ የሞተው መቼ ነው? ... በይ እንግዲህ! ምስማሩ ነው የበጠሰው። ቀዳዳም አያስፈልግሽ፣ መደርደሪያውን ብቻ አውርጂ። ... አየሽው? ... ለሁለት? ... ተመስገን። ተመስገን ልጄ።

— ምን? ... ለኃላፊው «ቴስተሩ ተሳስቶ ነው» ልትዪው? ... ለኔ ብለሽ? አይሆንም። ቴስተሩ ልክ ነበር፣ አንቺም ልክ ነበርሽ። የተሳሳተው የኔ ስዕል ነው። ያፍራል ብለሽ አትሸፋፍኚልኝ፤ አፍሬያለሁ፣ ይበለኝ። ነገ ሌላ ሰው በሱ ተማምኖ ግድግዳ ያፈርሳል። ስዕሉን ከተሰቀለበት አውርጂውና በቀይ አስተካክዪው። ከኔ ፊርማ ሥር ያንቺን አኑሪበት።

— ... ምክንያት የሚል ቦታ አለው? ... ረጅም አትጻፊ።

— «ሰው ተኝቶ ነበር» በዪ። ... አዎ፣ በቃ። ... እሺ። ቻው ልጄ።