ሽታ ያጣው መድኃኒት

የተባባልነውን ቃል በቃል ላልይዘው እችላለሁ፤ ቦታው ግን ሰሊጥ አምራቿ ኮኪት ነበረች። ኬሚስት ነኝ። መርዛማውን ማሟሟቻ ትቼ በውሃ የሠራሁትን የሰሊጥ ትኋን፣ ማለትም የተከመረ ሰሊጥ የሚመጥ ተባይ፣ መግደያ መድኃኒት ለሙከራ ይዤ ወደ ሰሊጥ አምራቹ ጋሽ ደሴ እርሻ ሄድኩ። ጠርሙሱን ከፍተው አሸተቱና፣ «ልጄ፣ ይኸ ምንም አይሸትም» አሉኝ።

«ሽታውን ለማጥፋት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።»

ወደ ሠራተኞቻቸው ዞሩ። «ሁለት ዓመት ደክሞ ውሃ ይዞላችሁ መጣ።»

እምቢ ካሉ የሙከራ ወቅቱ ሊያልፈኝ ነው፤ ለመንኳቸው። አንድ የሰሊጥ ክምር ፈቀዱልኝና ረጨሁ። በማግስቱ ትኋኑ ረግፎ አገኘሁት። ደስታዬን ሳልጨርስ ጋሽ ደሴ ጠጋ ብለው፣ «እንዳታፍር ብዬ፣ ሳታየኝ መርጫው ውስጥ አንድ ቆርኪ ነጭ ጋዝ ጨምሬልህ ነበር» አሉኝ። ሙከራዬ ገደል ገባ።

ላቦራቶሪ ተመልሼ ሁለቱን ለየብቻ ሞከርኳቸው። የእኔው መድኃኒት ብቻውን ትኋኑን አረገፈው፤ በዚያ መጠን ነጭ ጋዙ ግን አንድም ትኋን አልገደለም።