ፈረስ የቀደመው ሚኒባስ

አሥራ ሁለት ዓመት ሚኒባስ ስነዳ አንድም ቀን ተቀጥቼ አላውቅም ነበር። ባለፈው ከእንጅባራ ወደ አዲስ ቅዳም ስበር ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝና «ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ነድተሃል» አለኝ። ይህን ሲለኝ ቅድም ያለፍኳቸው ባለ ዳማ ፈረስ ሽማግሌ እየጋለቡ መጥተው አለፉን። «አለቃ፣ ፈረስ የቀደመው መኪና ፈጠነ ይባላል? እኒህን አባት ይጠይቋቸው» አልኩ።

ሽማግሌው ልጓሙን ሳብ አድርገው ተመለሱ። «መቅደሙንስ ቀድሜዋለሁ» አሉ ኮራ ብለው። እፎይ ልል ስል ቀጠሉ፦ «ታዲያ ሲጎተት መሰለህ? እንደ ነፋስ ነበር የሚበረው። የእኔ ዳማ ከኤሊ ጋር አይሽቀዳደምም።»

ትራፊኩ እየሳቀ የመጀመሪያ ቅጣቴን ጻፈ። የተቀጣሁት በፍጥነት ነው፤ አዲስ ቅዳም ላይ ግን ስሜ «ፈረስ የቀደመው» ሆኖ ቀረ።