የደጃፉ መዝገብ

ሰዓት ሠሪው ሽማግሌ የሥራ ፈቃዳቸውን ሊያሳድሱ ወደ ከተማው አስተዳደር በሄዱበት ቀን፣ ሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ከእህታቸው ልጅ ጋር ተገጣጠሙ። ልጅቱ ጠበቃ ናት፤ ብብቷ ሥር ወፍራም ፋይል ሸጉጣለች። ተሳስመው ሲያበቁ ወረፋ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«በማን ጉዳይ ነው የምትንከራተቺው፣ ልጄ?»

«በጎረቤትዎ በልብስ ሰፊዋ ነው፣ ጋሼ። ሱቋ ሊፈርስ ነው።»

ሽማግሌው ክው አሉ። ልብስ ሰፊዋ ግድግዳ ተጋርታቸው ሃያ ዓመት የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ የኖረች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት።

«ምን አጥፍታ?»

«ምንም። ቦታውን አንድ ባለሀብት ፈልጎታል፤ እሱም የሰፈሩ ሹም አማች ነው። ቅሬታ ማቅረቢያው አምስት ቀን ብቻ ነበር። ማስታወቂያውን በሯ ላይ የለጠፉት ግን የታመመች ልጇን ልታስታምም ሌላ ከተማ በሄደች ማግስት ነው። አለመኖሯን በምን ዐወቁ?»

ሽማግሌው ወዲያው ገባቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። ሱቃቸው የሰፈሩ መግቢያ ላይ ስለሆነ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ሹሙ መጥቶ፣ «አባቴ፣ የሰፈሩ ዐይን እርስዎ ነዎት፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ከማን ጋር አወራ፣ ይመዝግቡልን» ብሎ ደብተር ሰጣቸው። እሳቸውም ለሌባ መከላከያ መስሏቸው ቀን ሳያዛንፉ ጻፉ። ልብስ ሰፊዋ «አሥር ቀን እቆያለሁ» ብላ የሱቋን ቁልፍ አደራ ስትሰጣቸው፣ ያንንም ጽፈውት ነበር፤ ደብተሩን ደግሞ ሹሙ በየሳምንቱ እየመጣ ያነበዋል።

«እኔ ነኝ፤ መሄዷን ሹሙ በሰጠኝ ደብተር ላይ ጻፍኩት» አሉ ድምፃቸው ሰልሎ። ወዲያው ግን ሽንፈቱ ከበዳቸውና፣ «ቢሆንስ! መንግሥት ሕዝቡን ካላወቀ በምን ይጠብቀዋል? ንጹሕ ሰው ቢታይ ምን ይጎድልበታል?» አሉ።

«ልብስ ሰፊዋ ንጹሕ አልነበረችም?»

ሽማግሌው ዐይናቸውን ወደ ፋይሏ መለሱ።

«ይጠብቀን፣ ጋሼ። የሚጠረጠር ካለ በዳኛ ትእዛዝ ይፈተሽ። የእርስዎን ደብተር ግን ማን ይቆጣጠረዋል? ሥልጣን ያለው ያያል፤ ገንዘብ ያለው ካየው ላይ ይካፈላል፤ ድሃው መታየቱንም አያውቅም። እስቲ አንድ ልጠይቅዎ፤ ባለሀብቱ መቼ እንደመጣ፣ ከማን ጋር እንደዋለ ጽፈው ያውቃሉ?»

«እሱንማ... ሹሙ ‹የእሱን ይተዉት› ብሎኛል።»

ሽማግሌው ከገዛ አፋቸው የወጣው ቃል ግራ አጋባቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዴት አልከነከናቸውም? ሰው ሲያምን የኖረውን መጣል የገዛ ጥርሱን የመንቀል ያህል ያመዋል፤ ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አጠለቁት።

«ፈቃዴን ቢከለክሉኝስ?»

«ሊከለክሉዎት ይችላሉ። አልዋሽዎትም።»

በዚህ መሀል ተራቸው ተጠራ። ሽማግሌው ወደ ፈቃድ መስኮቱ አልሄዱም፤ ከእህታቸው ልጅ ጋር ወደ ቅሬታ ሰሚው ክፍል ገብተው፣ ምን እንደጻፉና ማን እንዳጻፋቸው ቃላቸውን ሰጡ።

ማፍረሱ ታገደ፤ ጉዳዩም እንደገና እንዲታይ ተወሰነ። የእሳቸው ፈቃድ ግን ሦስት ወር ተጉላላ። ለልብስ ሰፊዋ ሄደው ሲናዘዙ፣ «ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላመመኝ» አለቻቸው። ይቅርታዋ ብዙ ዘገየ።

የሰፈሩ ሰው ግን ነገሩን ሲሰማ ተሰብስቦ ፊርማውን አኖረ። ያለ ዳኛ ትእዛዝ የማንም ውሎ እንዳይመዘገብ፣ የሹማምንቱም ሀብት በአደባባይ እንዲታወቅ ጠየቀ። መልሱ ገና አልመጣም፤ ሽማግሌው ደብተሩን መጻፍ መተዋቸው ብቻውን ያስገኘው ጥቅም ግን በዐይን ይታያል። ጎረቤት ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጨዋወታል፤ የተበደለ በደሉን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ሰሚውም ይመክረዋል። ሽማግሌው የጎረቤቶቹን ሳቅ ሲሰሙ፣ ያ ሁሉ ሰው ሁለት ዓመት በደጃቸው ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርግ እንደነበር ገና ያን ጊዜ ገባቸው።