አሳምሬ ያሰርኋቸው ሽቦዎች

ጋሸና ባለው የመንገድ ሥራ ጋራዥ የኤሌክትሪክ ክፍሉ ኃላፊ ሳለሁ፣ ብረት መቅረጫው ማሽን፣ ቶርኖው፣ ማንም ሳይነካው በራሱ መዞር ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ «አሻጥር ነው» ብለው የማሽኑን ሠራተኛ ጋሼ ይመርን ለአብዮት ጥበቃ ሊያስረክቡ ቆረጡ። እኔም ምክንያቱ ሳይታወቅ ማንም አይወሰድም ብዬ ተከራክሬ ጋሼ ይመርን ጠየቅኋቸው፦ «መቼ መቼ ነው የሚነሣው?»

«ብየዳው ሲጀመር ነዋ። ብየዳውስ ድሮም ነበር። ይሄ አመል የመጣበት አንቺ ሽቦውን እንደ ሙሽራ ሹሩባ ካሳመርሽው ወዲህ ነው፣ ልጄ።»

ደነገጥሁ። ሥርዓት ስለምወድ የብየዳውን ወፍራም ገመድና ቶርኖውን የሚያስነሣውን ማብሪያ፣ ሪሌዩን፣ የሚያዙትን ቀጫጭን ሽቦዎች ጎን ለጎን አስሬያቸው ነበር፤ የወፍራሙ ኃይል ወደ ቀጫጭኖቹ እየተላለፈ ሪሌዩን ያስነሣው ኖሯል። እስሩን ቆርጬ ፈታሁት። ቀጫጭኖቹን ጥንድ ጥንድ አድርጌ ገመድሁና ከመሬት መስመር ጋር በተያያዘ የብረት ቱቦ ውስጥ አርቄ ዘረጋኋቸው።

ሥራ አስኪያጁን ጠርቼ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኋቸው።

«ማስረጃሽ?»

እጄን በቶርኖው መዞሪያ ራስ ላይ አሳረፍሁና ብየዳው እንዲጀመር አዘዝሁ። ብየዳው ጮኸ፤ ቶርኖው ንቅንቅ አላለም። ሥራ አስኪያጁ የቆመውን ቶርኖ አይተው ወደ ቢሯቸው ተመለሱ።

ጋሼ ይመር ብረታቸውን አንሥተው መጡ። «በይ እጅሽን አንሺ፣ ልጄ፤ ሥራ አለብኝ» አሉኝ።