የወይዘሮ ብርነሽ እግር

ዛሬም ድረስ የሚከነክነኝን ነገር ልንገራችሁ። በደርግ ጊዜ አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ፣ ነበርኩ። ፒያሳ ጨርቅ የሚነግዱ ወይዘሮ ብርነሽ የሚባሉ የጉራጌ ሴት በየሳምንቱ የእግራቸውን ቁስል ለማሳጠብ ይመጡ ነበር። ሰውነታቸው እጅግ ከባድ ስለሆነ የእግራቸው ደም ሥር አብጦ ቁስሉ አልድን ብሏል። አንድ ቀን ውጭ ተምሮ የመጣ ሐኪም አያቸውና፣ «እማማ፣ ክብደትዎ ካልቀነሰ እግርዎ አይድንም። ውጭ አገር ጨጓራን በቀዶ ጥገና ያሳንሳሉ፤ እዚህ ግን ገና ነው» ብሏቸው ወጣ።

ወይዘሮ ብርነሽ እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ ጨጓራዬን ቢያሳንሱልኝ በስንት ጊዜ መንገድ እችላለሁ?»

«የት ሊሄዱ ነው?»

«አገሬ። እናቴን ካየኋት ሰባት ዓመት ሆነኝ። ከአውቶቡስ ተወርዶ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው፤ በቅሎም አልቻለችኝ። የእሷ ዓይን ጠፍቷል፤ ሰው በላከች ቁጥር ‹መጥተሽ ልዳብስሽ› ትላለች።»

እኔ ምን አውቄ? «በሁለት ወር» አልኳቸው። በጣታቸው ቆጠሩና፣ «እንግዲያ ለመስቀል እደርስላታለሁ!» ብለው ሲስቁ፣ ሕክምናው እዚህ አገር እንደሌለ ደግሜ መንገር አቅቶኝ አቀርቅሬ ፋሻውን መጠቅለል ቀጠልኩ።

በመስቀል ማግስት እዚያው ወንበር ላይ አገኘኋቸው። የማጠቢያ ሳህኑን አቀረብኩላቸው። «የእናቴን የመስቀል ነጠላ ዘንድሮም በሰው ላክሁላት» አሉኝ፣ እግራቸውን እየዘረጉልኝ።