የፈረሱት ረድፍ

(ኦርሁስ፣ ዴንማርክ፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ። በአገር ቤት መቶ አለቃ የነበሩት፣ አሁን የከተማ አውቶቡስ የሚነዱት አቶ ዘርጋው ሶፋ ላይ ጋደም ብለዋል፤ በፈቃዷ የዴንማርክ ጦር የገባችው ልጃቸው ትርሲት ከነወታደር ልብሷ ፊታቸው ቆማለች።)

ትርሲት፦ አባዬ፣ የሁሉም ቤተሰብ ይመጣል። ሥልጠና ጨርሼ የምሰለፈው ነገ ብቻ ነው።

አቶ ዘርጋው፦ ይምጡ፣ ማን ከለከላቸው። እኔ ከቀረሁ ሰልፉ ይፈርሳል?

ትርሲት፦ ለእኔ ይጎድላል።

አቶ ዘርጋው፦ ጦርሽ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ሬጅመንት ነው ስትይኝ አልነበር? ይሄን ሁሉ ዘመን ያለ እኔ ከኖረ ነገንም ይችለዋል።

ትርሲት፦ ታሪኩን ስነግርህ እንቅልፍ የወሰደህ መስሎኝ ነበር።

አቶ ዘርጋው፦ ወስዶኝ ነበር። ስነቃ ገና ከሌላ ሬጅመንት ጋር እያዋሐድሽው ደረስኩ። ስንት ጊዜ ነው ስሙን የቀየረው?

ትርሲት፦ አምስት።

አቶ ዘርጋው፦ አምስት ጊዜ ስሙን የቀየረ ሰው እኛ ዘንድ ፖሊስ ይፈልገዋል።

ትርሲት፦ መንግሥት ጦሩን ሲቀንስ እኮ ነው። አንዱ ሲፈርስ ሌላው ባንዲራውን ይረከብለታል፣ ታሪኩን ይይዝለታል። እኛም የሁሉንም ታሪክ እንማራለን።

አቶ ዘርጋው፦ ለመሆኑ ይሄ ሁሉ ሬጅመንት ማንን አሸንፎ ነው?

ትርሲት፦ ስዊድኖችን።

አቶ ዘርጋው፦ ጥሩ።

ትርሲት፦ አንዳንዴ።

አቶ ዘርጋው፦ እሺ፣ ትልቁ የመታሰቢያ ቀናቸው የትኛው ነው?

ትርሲት፦ ሚያዝያ ላይ። በፈረንጅ 1864 ከጀርመኖች ጋር የተዋጉበት።

አቶ ዘርጋው፦ ያሸነፉበት።

ትርሲት፦ የተሸነፉበት።

አቶ ዘርጋው፦ ተሸንፈው በየዓመቱ አበባ ይዘው ይሄዳሉ? ይሄ አገር ሀብታም መሆኑ ያስታውቃል። ሽንፈት እንኳ አይጥሉም።

ትርሲት፦ የሞቱት ሞተዋል፣ አባዬ። አበባ የሚገባው ያሸነፈ ብቻ ነው እንዴ?

አቶ ዘርጋው፦ ይሄን ደግሞ ሳጅንሽ ነው ያስተማረሽ?

ትርሲት፦ ይሄ የራሴ ነው። ሳጅኑ ስለ አንተ ነው የጠየቀኝ።

አቶ ዘርጋው፦ ምን ብሎ? አውቶቡሱ አርፍዶበት ነው?

ትርሲት፦ አባትሽ ወታደር ነበር ወይ አለኝ። አዎ፣ መቶ አለቃ ነበር አልኩት። በየትኛው ጦር አለኝ። አላውቅም አልኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እዚያ የአያቱን ሬጅመንት እንኳ ሳይጠየቅ የሚነግርህ ነው የሞላው፤ እኔ የአባቴን አላውቅም።

አቶ ዘርጋው፦ የለም በይው።

ትርሲት፦ ምኑ?

አቶ ዘርጋው፦ ጦሩ። ውሕደት የለ፣ ርክክብ የለ፣ ባንዲራውን ማን እንደወሰደው የሚያውቅ የለ። ስንበተን የወታደር ልብሴን ጥዬ የማላውቀው ገበሬ በሰጠኝ ሸሚዝ ነው የወጣሁት። እጅጌው እስከ ክርኔ ነበር። ይሄን ለሳጅንሽ ተርጉሚለት፤ በሚያዝያ አበባ ያመጣልኝ ይሆናል።

ትርሲት፦ ሸሚዙን አላወቅሁም ነበር። ፈርሷል ብቻ ነው ያልኩት።

አቶ ዘርጋው፦ ሳቀ?

ትርሲት፦ «እንግዲያው ቦታ አለው» አለኝ። ነገ ከእኛ ኋላ የፈረሱ ሬጅመንቶች ሽማግሌዎች የሚቆሙበት ረድፍ አለ። በየጦራቸው ነው የሚቆሙት።

አቶ ዘርጋው፦ አይ፣ ደግ ናቸው። እንደ ሙዚየም ዕቃ ከነመስታወቱ ነው የሚያቆሙን ወይስ እንዲሁ በአቧራው?

ትርሲት፦ በብርዱ ነው። ካፖርትህን ልበስ።

አቶ ዘርጋው፦ ልበስ? መጣሁ ያለሽ አለ? ብቻዬን ቆሜ ምን ልሆን ነው? አንድ ሰው ብርጌድ አይሆንም፣ ልጄ። ከጎኔ መቆም ያለባቸው እዚህ የሉም። ብዙዎቹ የትም የሉም።

ትርሲት፦ ባለፈው ዓመት ከአንዱ ሬጅመንት የቀረው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበር አሉ። ያውም በዊልቸር። የሙዚቃ ባንዱ የፈረሰውን ሬጅመንት የሰልፍ ዜማ፣ ማርሹን፣ ተጫወተለት።

አቶ ዘርጋው፦ አሳጥረው ይሆናል።

ትርሲት፦ ሙሉውን። ኮሎኔሉ እስኪያልቅ ድረስ ሰላምታ እንደሰጠ ቆመ።

አቶ ዘርጋው፦ ለአንድ ሰው።

ትርሲት፦ ለአንድ ሰው።

አቶ ዘርጋው፦ ሥራ የላቸውም።

ትርሲት፦ የላቸውም። እናንተስ ማርሽ ነበራችሁ?

አቶ ዘርጋው፦ የብርጌዱ መዝሙር ነበረን። የዴንማርክ ባንድ አይችለውም፤ ትንፋሽ ይጠይቃል።

ትርሲት፦ ባንዱ ካልቻለው ከሰልፉ በኋላ እኔ እዘምርልሃለሁ። ግን አስተምረኸኝ አታውቅም።

አቶ ዘርጋው፦ ነይ፣ ቁጭ በይ። ዜማው ሲጠፋብኝ ከሳቅሽ ግን ነገ አልመጣም።