ጫማ እንጂ ልጅ አልተማረም

ባሌ ሰይድ ዐረብ አገር፣ ሳብያ ከተማ አጠገብ ባለ እርሻ ፍየል ይጠብቃል፤ የምንኖረውም እዚያው ነው። የልጃችንን የኸድጃን ጫማ እየደበቀ ከቤታችን ውሻ ጋር ይጫወታል። «ያላ፣ አምጣ!» ሲለው ውሻው አሽትቶ ያመጣና ዳቦ ይጎርሳል። እኔ እቃጠላለሁ። «አንተ ሰውዬ፣ ውሻ በአፉ የነካውን ሃይማኖታችን እንደሚያዘው ሰባት ጊዜ የማጥበው እኔ ነኝኮ!» ስለው፣ «ተይው፣ ይማርበት» ይለኛል።

አንድ ቀን ልብስ ሳጥብ ቆይቼ ዞር ስል ልጄ የለችም። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ከማሽላው ወዲያ ደግሞ የመስኖው ገንዳ አለ። ብጣራ ዝም። ሰይድ ከፍየሎቹ ጋር ርቋል። በር ላይ አንድ እግር ጫማዋን አየሁና ውሻውን አስሸተትኩት። «ያላ፣ አምጣልኝ የኔ ጌታ!» አልኩት፣ ስሰድበው የኖርኩትን ውሻ። ሮጦ ማሽላው ውስጥ ገባ። ሲመለስ ሌላኛውን ጫማ በአፉ ይዟል፤ ውሃ ያንጠባጥባል። ለካ የተማረው ጫማ ማምጣት እንጂ ልጅ ማምጣት አይደለም። እንዲህ እያልኩ ሳለ ኸድጃ በባዶ እግሯ፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሶ፣ ውሻውን እያባረረች ከማሽላው ወጣች። «ጫማዬን ከእግሬ ወሰደብኝ!» ብላ ታለቅሳለች።

ሰይድ ሲመለስ ጫማውን ሳጥብ አገኘኝ። «ስንተኛሽ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

«ሰባተኛዬ» አልኩት። «ኸላስ፣ በቃ፣ ነገ ጫማዋን የምደብቀው እኔ ነኝ።»